ለገና የተላከ ደብዳቤ፣ ያላለቀ መጽሐፍ

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ወጡ እስኪበስል የሚነበብ ለምትሹ፣ በዚህ ገና ስለ ዲትሪሽ ቦንሆፈር እናውጋችሁ (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ይህ የክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ምሁር በ1906 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሲያገኝ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ለመምህርነት የሚያበቃውን ሁለተኛ ጥናት በ1930 ጨርሶ ኒው ዮርክ፣ ዩኒየን ወደሚባለው የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ሄደ። ልቡን የያዘው ግን በከተማዋ የጥቁሮች ሰፈር፣ ሐርለም የሚገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን በ1808 የመሠረቱት በዘር ተለይተን አንቀመጥም ያሉ ጥቁር ምእመናን ናቸው፤ እንደ ምእመናኑ ትውፊት ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ቦንሆፈር እዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የጥቁሮቹን መዝሙር በሸክላ ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የመምህርነት ሕይወቱ እየተቆረጠ ነው የሄደው። በ1936 በናዚ አገዛዝ ዩኒቨርሲቲ እንዳያስተምር ታገደ። በፊንከንቫልደ የሚመራውን የካህናት ማሠልጠኛ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ጌስታፖ፣ በ1937 ዘጋው። በ1939 ወዳጆቹ አሜሪካ ውስጥ ሥራ አዘጋጁለት፤ ሄዶ አንድ ወር ሳይቆይ ተመለሰ። በሂትለር ላይ ከሚያሤሩት ጋር እየሠራ፣ ከ1940 ጀምሮ ዋና ሥራዬ ያለውን የሥነ ምግባር መጽሐፍ ያዘ። ሚያዝያ 5 ቀን 1943 ሲታሰር መጽሐፉ አላለቀም። ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በ39 ዓመቱ ተሰቀለ።

መጽሐፉን የምትጀምሩ ሰዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ጓደኛው ኤበርሃርድ ቤትጌ ቁርጥራጩን አሰባስቦ በ1949 አሳተመው፤ በ1963 ቅደም ተከተሉን ለወጠው፤ የ1992ቱ እትም ደግሞ ምዕራፎቹን በተጻፉበት ጊዜ ደረደራቸው። ስለ «ሦስተኛው ምዕራፍ» የሚከራከሩ ሁለት አንባቢዎች የተለያየ ጽሑፍ ይዘው ሊሆን ይችላል። ከምዕራፉ ቁጥር ይልቅ ርእሱን ጥቀሱ። ሌላው የተለመደ ስሕተት ቦንሆፈርን ለየራስ ወገን ዓመፅ ማስረጃ ማድረግ ነው። እሱ ግን ስለ ሌላው ብሎ በደል የሚሸከም ሰው ራሱን ማጽደቅ አይችልም፤ ምሕረት ይጠብቃል እንጂ ይላል። ይህን የዘለለ፣ የቦንሆፈርን ሥነ ምግባር አላነበበውም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት መጀመሪያ የሚነበበው ለ1942 ገና ለቤትጌና በሤራው አብረውት ለነበሩት ለሃንስ ፎን ዶናኒና ለሃንስ ኦስተር የላከው ጽሑፍ ነው። አንዱ ቅጂ በወላጆቹ ቤት ጣሪያ ሥር ተደብቆ ተረፈ። ክፋት ፊት ማን እንደሚወድቅ በየተራ ያሳያል፦ በምክንያት ብቻ የሚያምን፣ ግትሩ፣ ኅሊናዬ ንጹሕ ነው ባዩ፣ ትእዛዝ አክባሪው። ይኸኛው እያከበረ ሄዶ መጨረሻ ሰይጣንንም ይታዘዛል። ሞኝነትንም ከክፋት የባሰ አደገኛ ይለዋል፤ ሥልጣን በበረታ ቁጥር የሚዛመት፣ ክርክር የማይፈታው፣ በተማረውም ላይ የሚወርድ ነውና።

ብዙዎቹ እትሞች ይህን ጽሑፍ ከእስር ቤት ደብዳቤዎቹ ፊት ያስቀምጡታል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይነበባል። መልካም ገና!