የ2 ደቂቃውን ፎሶሊያ አትመኑ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ፍልሰታ ቤቴ የመጡትን እንግዶች በገዛ እጄ ስላሳመምኩ ነው። ምግቡ አልተበላሸም፣ እጄም አልቆሸሸም። ያሳመማቸው በደንብ ያልበሰለ ፎሶሊያ ነው። ፎሶሊያ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል ብሎ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመቂና ከዝዋይ የሚጫነው አትክልት በደብረ ዘይት በኩል ስለሚገባ ጉሊታችን ላይ ፎሶሊያ ትኩስ ነው፤ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል። በጾም ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር እሠራው ነበር፣ ልጆቹ ግን ሰለቻቸው። በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሰሊጥ የሚጠበሰውን የእስያ አሠራር በቪዲዮ አይቼ በጾሙ ሁለተኛ እሁድ አማቴ፣ የባለቤቴ እህትና ሁለት ልጆቿ ሲመጡ ልሞክረው ወሰንኩ።

አንድ ኪሎ ገዛሁ። ጫፍና ጫፉን ቀነጠስኩ፣ አጠብኩ፣ ለሁለት ለሁለት ቆረጥኩ፣ ሰሊጡን ቆላሁ። እስከዚህ ምንም ችግር የለውም።

ችግሩ ቅቀላው ላይ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት ፎሶሊያውን የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራ በ2 ደቂቃ አወጣችው፣ በረዶ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ ከዚያ መጥበሻ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አቀረበችው። አረንጓዴነቱ ያስጎመጃል። እኔም ሰዓት ይዤ ልክ እንደሷ አደረግኩ። ግን አንድ ኪሎውን በአንዴ ስገለብጠው ውሃው ፍላቱን ቀጥ አደረገ። የዚያን ቀን መብራቱም ኃይል አልነበረውም፤ የምድጃው ሽቦ ደብዘዝ ብሎ ነበር የቀላው። ውሃው ተመልሶ እስኪፈላ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅኩም። ደቂቃውን የቆጠርኩት ፎሶሊያው ድስት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለ2 ደቂቃ እንኳ አልፈላም፤ ሞቅ ያለ ውሃ ነክቶት ነው የወጣው። መጥበሻው ላይም አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ቶሎ አወረድኩት።

ምሳ ላይ አማቴ አንዱን ነከስ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጥሬ ጥሬ ይላል» አሉኝ።

«እማዬ፣ አገሩ ላይ እንዲህ ነው የሚበላው፤ ቪታሚኑ እንዳይጠፋ ነው» አልኳቸው።

ዝም ብለው በሉ። ጥሬ መሆኑን እያወቁ እኔን ላለማሳፈር መዋጣቸው እስካሁን ያንገበግበኛል። ዕድሜ ልካቸውን ቦሎቄ የቀቀሉ ሴት ናቸው፤ እኔ ደግሞ አንዲት ቪዲዮ አይቼ አስተማርኳቸው።

የበላነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የባለቤቴ እህት ትንሹ ልጅ ሆዴን አለ፣ ወዲያው አስመለሰው። ተከትሎ ታላቁ፣ ከዚያ አማቴ። እኔና ባለቤቴ ትንሽ ስለበላን ማቅለሽለሽ ብቻ ነበር። ልጆቹን ይዘን ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድን። ያየን ባለሙያ ምን በላችሁ ብሎ አልጠየቀም፣ ሰገራም አላስመረመረም። «አሜባ ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈ። አምስታችንን እኩል በአንድ ሰዓት ውስጥ አሜባ ያዘን ማለት ነው? ይህን ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ልጆቹ መድኃኒቱን ሳይጀምሩ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተሽሏቸው እንጀራ ጠየቁ።

ከሱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን እኔ ያደረግኩት ነው። በማግስቱ ጉሊት ወርጄ ፎሶሊያውን የሸጠችልኝን ሴት በሰው ፊት ተቆጣኋት። በአቃቂ ወንዝ ያደገ አትክልት ነው የሸጥሽልኝ አልኳት። «እህቴ፣ እኔም ልጆቼን ከሱ ነው የማበላው» አለችኝ። አላመንኳትም።

እውነቱን የነገረኝ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ነው። ዱከም ለቻይና ሠራተኞች ምግብ ያበስላል። ታሪኩን ሳወራለት ሳልጨርስ «ፎሶሊያው ጥሬ ነበር» አለኝ። እነሱ ዘንድ በፎሶሊያ ቀልድ የለም፤ በቻይና የድርጅትና የትምህርት ቤት ምግብ ቤቶች ባልበሰለ ፎሶሊያ ሰው መታመሙ የታወቀ ነገር ስለሆነ ዋናው አብሳይ አንድ አንዱን ሳይነክስ ድስት አያወጣም። የነሱ ደረቅ ጥብስ ፎሶሊያም ቆዳው እስኪጨማደድ ይጠበሳል እንጂ አረንጓዴ ሆኖ ጥርስ ላይ አይንቋቋም።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ይህ ነው። ፎሶሊያና ቦሎቄ አንድ ተክል ናቸው፤ ፎሶሊያ የምንለው ፍሬው ሳይጠና ከነሽፋኑ የሚለቀመውን እሸት ነው። ሌክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ላይ ይበዛል፣ ፎሶሊያው ላይ ያነሰ ነው፣ ግን አለ። በደንብ ካልፈላ፣ ከተበላ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆድ ይረብሻል፣ ያስመልሳል። ሞቅ ባለ ውሃ ረጅም ጊዜ ማቆየት አይጠቅምም፤ መንተክተክ አለበት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ 2 ደቂቃ የሚል ሰው ምድጃ ለኛ አይሠራም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ብቻ፣ በትልቅ ድስት፣ በብዙ ውሃ። ከጨመርኩት በኋላ ውሃው እንደገና እስኪንተከተክ እጠብቃለሁ፤ ሰዓት መቁጠር የምጀምረው ከዚያ ነው። 10 ደቂቃ፣ ተከድኖ። ደማቅ አረንጓዴው ወደ ወይራ መልክ ይሄዳል፤ ይሂድ። በረዶ ውሃ የሚባለውን ትቼዋለሁ። አጥልዬ ንጹሕ ጨርቅ ላይ እበትነዋለሁ፤ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ይረጫል፣ ጥብሱም ቅቅል ይሆናል። መጥበሻው በደንብ ሲግል 3 ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ፎሶሊያው፤ ሳላጨናንቅ ቆዳው እስኪጨማደድና ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ 5 ወይም 6 ደቂቃ። አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና አንድ ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይገባሉ፤ ቀድመው ከገቡ ያርራሉ፣ ይመራሉ። ሁለት ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር። ጨው አልጨምርም፤ ሶሱ ራሱ ጨው ነው። የሰሊጥ ዘይት ውድ ስለሆነ የሁመራ ሰሊጥ ቆልቼ ሸክሸክ አድርጌ እነሰንስበታለሁ፤ ለኔ እንዲያውም ይበልጣል።

ጾም ከሆነ ጠርሙሱን አንብቡ። ሶያ ሶስ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ነው፤ አጠገቡ የሚደረደረው ኦይስተር ሶስ ግን ከባሕር እንስሳ ነው። መልካቸው አንድ ነው።

ጉሊት ያለችውን ሴት ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፣ በሰው ፊት። አማቴ በጽጌ ጾም ሲመጡ ፎሶሊያውን አቀረብኩላቸው። ከመጉረሳቸው በፊት አንዱን በጣታቸው ጫን አድርገው አዩት፣ ለሁለት ከፍለው ውስጡን ተመለከቱት። ከዚያ በእንጀራ ጠቅልለው መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ።