ከሴራሚኩ በፊት ቧንቧው

ዛሬ ከእህቴ ጋር ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ዋልን። ቤቱን ልታሳድሰው ነው። ሰው ሁሉ የሚመክራት ስለ ጂፕሰም ኮርኒስና ስለ መብራት ነው። እኔ ግን ያሳሰበኝ ሻወር ቤቱ ነበር።

የድሮው ሴራሚክ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ርሷል። የብረት ቧንቧው ዝጎ መገጣጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የቧንቧ ሠራተኛው በእጁ ዳሰሰውና «የኔ እህት፣ ይሄን ሳትቀይሪ ሴራሚክ ማልበስ ብር መድፋት ነው» አላት። እውነቱን ነው! ቧንቧው ፒፒአር በሚባለው የማይዝግ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቀየራል። ወለሉና የግድግዳው ግርጌ የውሃ መከላከያ ይቀባል። ሲደርቅ ወለሉ ላይ ውሃ ተይዞ 24 ሰዓት ይቆያል። ታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ካልረጠበ ሴራሚኩ ይቀጥላል።

የኩሽናውን ግድግዳ አፍርሶ ከሳሎን የመቀላቀል ሐሳብም ነበራት። ብሎኬት ስለሆነ መሐንዲስ አይቶት ሊፈርስ ይችል ይሆናል፤ ሕንፃውን የተሸከሙት ኮለንና ቢም (ምሰሶውና አግዳሚው) ግን በፍጹም አይነኩም። እኔ ግን ሐሳቡ ይቅርብሽ እላለሁ። ቁሌቱ ሶፋው ድረስ እንዲሸት የሚፈልግ ማን ነው? ነገ ልሽጠው ብትልም በር ያለው ኩሽና ይመረጣል።

በመጨረሻ ተስማማን። የጂፕሰሙ ብር ለቧንቧውና ለኤሌክትሪክ መስመሩ ዞሯል። ነገ ፒፒአር ልንገዛ መርካቶ እንወርዳለን።