ከጮቄ እስከ መርጡለ ማርያም፤ ከቤተሰብ ጋር በእግርና በብስክሌት

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ

ልጆቹን ይዞ በተራራና በጥንታዊ ፍርስራሽ መካከል ለመጓዝ የሚያስብ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ መንገድ የሚመራውን ሰው በጥንቃቄ መምረጥ እንዳለበት አምናለሁ። ይህ እምነት ያደረብኝ ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ከጮቄ ተራራ እስከ መርጡለ ማርያም ባደረግነው ጉዞ ነው። ጉዞው የተደረገው በጎጃም መንገዶች ላይ እንደ ልብ መሄድ ይቻል በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ልጆቹ ዝርዝሩን ሳይረሱት በጽሑፍ ላስቀምጠው ወደድሁ።

ሐሳቡ የመጣው በውጭ አገር ከሚኖረው ወንድሜ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ፔሩ ሄዶ፣ በኢንካዎች ፍርስራሽ መካከል በአስጎብኚ እየተመሩ በእግርና በብስክሌት ሲጓዙ ሰንብተው ሲመለሱ ያየውን ሁሉ በስልክ አጫወተኝ። በሞራይ ያሉትን ክብ እርከኖች ከተመለከቱ በኋላ በብስክሌት ወደ ማራስ የጨው ኩሬዎች መውረዳቸውን፣ ወደ ማቹ ፒቹ የሚያደርሰው 43 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኢንካ የእግር መንገድ ያለ ፈቃድና ያለ አስጎብኚ እንደማይገባበት፣ ጓዝ ተሸካሚዎችና አስጎብኚዎች ሳይቀሩ ተቆጥረው በቀን ከ500 ሰው በላይ እንደማይፈቀድ ነገረኝ። እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያነበብሁት ነው። ማቹ ፒቹ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ይህም ከደብረ ማርቆስ ከፍታ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ነው። የተገነባውም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ሲሆን፣ ያ ጊዜ እቴጌ እሌኒ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ንግሥት የነበሩበት ዘመን ነው። የእኚህ ንግሥት ደብር መርጡለ ማርያም እኛው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ በእነብሴ ሳር ምድር እያለ ልጆቼ አንድም ቀን አለማየታቸው ከነከነኝ።

መሪያችን በጮቄ ግርጌ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። ከመነሳታችን በፊት ቤታችን መጥቶ የእያንዳንዳችንን ጫማ ተመለከተ፤ ብስክሌቶቹን ገልብጦ ፍሬናቸውን፣ ካቴናቸውንና ጎማቸውን መረመረ፤ የትንሹ ልጄ ብስክሌት የኋላ ፍሬን ላልቶ ስላገኘውም እዚያው ግቢያችን ውስጥ በራሱ መፍቻ አጠበቀው። ከዚያ ወደ አማቴ ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ ለእርስዎ በቅሎ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ እግርዎ እስከፈቀደ ይራመዳሉ፣ ሲደክምዎ ይቀመጣሉ» አላቸው። አማቴም፣ «ተባረክ ልጄ፤ ጉልበቴ እስኪዝል ግን ከልጅ ልጆቼ ጋር በእግሬ ነው የምሄድ» ብለው መለሱለት። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁላችን ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ከፊት ይሆናል፣ ሌላው በእሱ እርምጃ ይከተላል። በዚህ ሕግ መሠረት ከፊት የሄዱት አማቴና ትንሹ ልጄ ናቸው፤ ሁለቱም በእግር ጉዞው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ የቀሩ መስሎ አልተሰማቸውም።

ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ መኪናውን ትተን መውጣት ስንጀምር ዳገቱ ሁሉ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ የሚባለው የደጋ እህል ነበር። የእርሻው መሬት ወደ ላይ ምን ያህል እንደገፋ ማየት ያሳዝናል፤ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ለከሰልና ለማገዶ እየተቆረጠ አልቆ፣ ቀድሞ ደን የነበረው ቦታ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ገርጥቷል። መሪያችን ይህን ሳይሸፋፍን ለልጆቹ አስረዳቸው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ዓባይን እንደሚገብሩ፣ የዳገቱ አፈር ሲጠረግም አብሮ ወደ ወንዝ እንደሚገባ እያሳየ ነገራቸው። ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅባራው ከሚጀምርበት ስንደርስ ልጄ ከአባቱ ቁመት በላይ የረዘመ ጅባራ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ሲያይ፣ መሪያችን ይህ ተክል ለብዙ ዓመታት ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት ነገረው። ልጁም ያበበውን ካላበበው እየለየ መቁጠር ጀመረ፤ ድካሙንም በዚያው ረሳው።

የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ጫፉ የቀረን መንገድ ብዙ ሳይሆን ልጄ ራሷን እንዳመማትና እንዳቅለሸለሻት ተናገረች። ባለቤቴ ጥቂት ዐርፈን እንቀጥል የሚል ሐሳብ ነበረው። መሪያችን ግን ልጅቷን አስቀምጦ ውኃ ከሰጣት በኋላ፣ «እትዬ፣ ራሷን እያመማት ወደ ላይ አንድ እርምጃ አንጨምርም፤ ወደ ታች ስንወርድ ይለቃታል» አለኝ፣ ወዲያውም በቅሎዋን አዞረ። እንዳለውም ጥቂት እንደወረድን ፊቷ ተመለሰ። ወንድሜም በፔሩ ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት 3,400 ሜትር ከፍታ ባላት በኩስኮ ሰውነታቸው አየሩን እስኪለምድ እንዲቆዩ መገደዳቸውን ነግሮኝ ነበር። ጫፉን ሳናይ ተመለስን፤ ያንን ውሳኔ የወሰነልን ሰው ስለነበረን ዛሬም አመሰግናለሁ። ወላጅ ብቻውን ሲሆን የልጁ ጉጉትና የራሱ ድካም ይቀላቀሉበታል፤ በዚያ ሰዓት ምን እንደምወስን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በመኪና በደጀን፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ዞረን ጉንደ ወይን ደረስን፤ ብስክሌቶቹንም እዚያ አወረድን። ጤፉ እየታጨደ የነበረበት ወቅት ስለሆነ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ ቀና እያለ «እንደምን ዋላችሁ» ይለናል፤ አማቴ ከኋላ በመኪና እየተከተሉ ለሁሉም መልስ ይሰጣሉ። ቁልቁለት ሲጀምር መሪያችን ሁላችንን አስቁሞ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጫን ለቀቅ እያደረግን እንድንወርድና የፊቱን ብቻ በድንገት እንዳንይዝ አስጠነቀቀን። ታች እንደደረስንም ልጆቹ እጃቸውን ወደ ቸርኬው አስጠግተው ሙቀቱን እንዲሰሙት አደረገ። ፍሬን ሳይለቀቅ ተይዞ ከቆየ ምን እንደሚከተል ከዚያ በኋላ ለማንም መናገር አላስፈለገም።

መርጡለ ማርያም ስንደርስ መሪያችን አንድ ነገር አደረገ፤ እስከ ቅጽሩ በር አድርሶ ለደብሩ አባት አስረከበን፣ እሱም ከልጆቹ ጋር አዳማጭ ሆነ። ቦታው የሚቀደስበት፣ ምእመን የሚሳለምበት ሕያው ደብር ነው፤ ታሪኩን መናገር ያለበት በደብሩ የሚያገለግል ሰው ነው የሚል አቋም ነበረው፤ እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔና ልጄ ነጠላችንን አጣፍተን ገባን።

አባ የነገሩን ከአብርሃና ከአጽብሃ ይጀምራል። የደብሩ ትውፊት የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን በእነሱ ዘመን እንደተተከለ ይናገራል። ከሐድያ መጥተው የዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆኑት እቴጌ እሌኒ ደግሞ በኋላ በዚሁ ቦታ በስፋቱና በጌጡ ዝናው የወጣ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1508 አፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው ሲነግሡ አገሩን በሞግዚትነት የመሩት፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እኚሁ ንግሥት ናቸው። አባ እዚህ ላይ ወደ ልጄ እያዩ፣ «ንጉሡ ያን ጊዜ ባንቺ ዕድሜ ነበሩ፣ ልጄ» አሏት፤ የታሪክ መጽሐፍ ከፍታ የማታውቀው ልጅ ከዚያ ቃል በኋላ ጥያቄዋ አላቋረጠም። ሕንፃው በግራኝ ጦርነት ዘመን ከተቃጠለ በኋላ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኖራ እንደገና ገነቡት። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ሲለቁና ከዚያም በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ፣ ሥራው ከዘመኑ ጋር አብሮ አለፈ። ዛሬ ቆሞ ከሚታየው ፍርስራሽ አብዛኛው የዚያ ዘመን ሥራ እንደሆነ ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ።

መሪያችን ወደ ግድግዳው እንድንቀርብ ያደረገን ፀሐይ ዘቅዘቅ ካለች በኋላ ነው። ምክንያቱን ያወቅነው ስናየው ነው፤ ቀትር ላይ ጠፍጣፋ የሚመስለው ድንጋይ ብርሃን በጎኑ ሲመታው የተቀረጸበት ሁሉ ከውስጡ ብቅ ይላል። ልጄ አንድ አበባ መርጣ ደብተሯ ላይ መሣል ጀመረች። በክብ ክፈፍ ውስጥ የተጠረበ፣ ቅጠሎቹ ከመካከሉ እኩል የሚወጡ አበባ ነው፤ አንደኛው ቅጠል ጫፉ ተሸርፏል፣ በሌሎቹ መካከል ባለው ጎድጎዳ ሽበት የመሰለ ነገር በድንጋዩ ላይ በቅሏል፤ ከጎኑ ያለው ድንጋይ ደግሞ ከኖራው ተላቅቆ ወደ ፊት ተገፍቷል፣ በስንጥቁም የሣር ሥር ገብቶበታል። ትንሹ ልጄ ይህን የጠረበው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አባ፣ «ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉት። መሪያችንም ከባሕር ማዶ የመጡ ባለሙያዎች እንደነበሩ፣ ድንጋዩን ፈንቅሎ በጫንቃው ያመጣው ግን የዚህ አገር ሰው መሆኑን አከለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ከላይ ወደ ግድግዳው መካከል ይገባል፤ እንዲህ ያለ ቅርስ በኖራ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ሳይዘገይ ሊደርስለት ይገባል። ግድግዳው ላይ ልጆች እንዳይወጡ መከልከሉም በቂ ጥበቃ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ መጻፍ አለብኝ፤ ብዙዎች ነውር አድርገው ቢያልፉትም የጉዞው ጤንነት የሚታወቀው በእሱ ነው። የከፈልነው ለመሪው፣ ለባለ በቅሎው፣ የእንግዶ ቂጣና ድንች ላበላችን ቤት እና ለደብሩ በየስሙ ተለይቶ ደርሷል፤ መሪያችን ይህን ሁሉ በፊታችን ነው ያደረገው። በሰሜን ወሎ መቄት ገበሬዎች ራሳቸው ማረፊያ ጎጆ ሠርተው በእግር የሚጓዝ እንግዳን እንደሚያስተናግዱ፣ ገቢውም ለማኅበረሰቡ እንደሚሆን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። የጮቄ ገበሬ ዳገቱን ከማረስ ሌላ ብዙ መተዳደሪያ የለውም፤ ከጅባራውና ከምንጩ ጥቅም የሚያገኝበት መንገድ ቢከፈትለት አስታውን ለመጠበቅ ምክንያት ይኖረዋል። ቤተሰብ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ በየቦታው የሚያርፍና የሚበላ እንግዳ ስለሆነ ለዚህ ከማንም ይበልጥ ይስማማል።

መሪያችን አሁን እንግዳ ስለሌለ ወደ አባቱ እርሻ ተመልሷል። በስልክ ስንገናኝ ግን ቀጣዩን መንገድ ሲያስብ አገኘዋለሁ፤ ከሞጣ ተነሥቶ በፋሲል ዘመን ወደተሠራው፣ በጠላት ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከሉን አፍርሰውታል ወደሚባለው ሰባራ ድልድይ መውረድ ይፈልጋል። ዳገቱ ለአማቴ እንደሚከብድ፣ መመለሻውን ከንጋት በፊት መጀመር እንደሚያስፈልግ፣ ቆላው ሙቀት ስላለው ከኅዳር እስከ ጥር ካልሆነ ልጅ ይዞ እንደማይወርድ አስቀድሞ ነግሮኛል። ወንድሜም ልጆቹን ይዞ ሊቀላቀለን አስቧል፤ መሪያችን ከእሱ የጠየቀው ስጦታ ለልጆች ልክ የሆኑ ሄልሜቶችን ነው፤ ለኛ ልጆች ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ለሚመጡትም እንዲያገለግሉ እሱ ዘንድ ይቀመጣሉ። መንገዱ ሲከፈት የምንነሳበትን ወር እሱ ይወስናል።