ስቴይን ከመግዛታችሁ በፊት እንጨቱን እዩት

ስቴይን፣ የእንጨት ማቅለሚያው፣ እንደ ግድግዳ ቀለም እንጨቱን አይሸፍነውም። ሰርጎ ይገባና ከእንጨቱ መልክ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ከአንድ ጣሳ የወጣ ቡናማ ስቴይን ዋንዛ ላይ ጠቆር ይላል፣ የፈረንጅ ጥድ ላይ ደግሞ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ክዳኑ ላይ የተለጠፈችውን ናሙና አይቶ መግዛት ብዙ ሰው ያስቆጫል።

ዋንዛ ከሆነ፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ስቴይን አትንኩ። ንጹህ ቫርኒሽ ብቻ ያደምቀዋል። ስቴይን የሚያስፈልገው ነጣ ያለው የዳሩ ክፍል ከቀይ ቡናማው መሃል ጋር አልመሳሰል ሲል ነው።

አስቸጋሪው የፈረንጅ ጥድ ነው። ፈሳሹን እኩል አይመጥም፤ አንዱ ቦታ ጠጥቶ ይጠቁራል፣ አጠገቡ ያለው ነጥቶ ይቀራል፣ ጠረጴዛው ዝንጉርጉር ይሆናል። ለዚህ ጄል ስቴይን ይሻላል፤ ወፍራም ስለሆነ ብዙም ሳይሰርግ ላይ ላዩን ይቀመጣል። ፈሳሹን አልተውም የሚል ሰው በ1 ሊትር አልኮል 120 ግራም ገደማ ጎማላካ (ሼላክ የሚባለውን ሙጫ መሰል ነገር) አሟሙቶ አንድ እጅ ይቀባ፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ያድርግና ከዚያ ስቴይኑን ያስከትል። ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ ይላል፣ ግን እኩል ይወጣል። ላሚኔት የለበሰ ችፑድ ላይ ስቴይን መቀባት ገንዘብ መድፋት ነው፤ የሚሰርግበት ቀዳዳ የለውም።

የብርጭቆ ወረቀቱ ነገር ላይ ብዙዎች ያበዙታል። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል፤ በ120 ጀምሩ፣ በ150 አልፉ፣ 180 ላይ አቁሙ፤ ሁሌም በእንጨቱ መስመር። ከዚያ በላይ ሲለሰልስ ቀለሙ የሚይዝበት ያጣል። የሳንቃው የተቆረጠ ጫፍ ግን እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ እሱን እስከ 220 ውሰዱት። የደረቀ ኮላ ያለበት ቦታም ቀለም አይቀበልም። ከመቀባታችሁ በፊት በቲነር የረጠበ ጨርቅ ብታሳልፉበት ጠብታው ነጣ ብሎ ይታያል፤ ያኔ ፍቁት።

ለቤት ውስጥ በውኃ የሚሠራው ስቴይን ሽታው ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። ጉዳቱ የእንጨቱን ጸጉር፣ ማለትም ቀጫጭን ቃጫውን፣ ማስነሳቱ ነው። አስቀድማችሁ በእርጥብ ስፖንጅ አብሱት፣ ሲደርቅ የቆመውን ጸጉር በ220 ቀለል አድርጋችሁ አንሱ። በዘይት የሚሠራው ጊዜ ይሰጣል፦ ቀቡ፣ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ የተረፈውን አንድም ሳታስቀሩ ጥረጉ። እንዲጠቁር ብሎ ወፍራሙን መተው ትልቁ ስህተት ነው፤ ለቀናት ይጣበቃል፣ ቫርኒሹም ኋላ ይላጣል። ይጥቆር ካላችሁ ሲደርቅ ሁለተኛ እጅ ድገሙ። በክረምት፣ አዲስ አበባ ሲዘንብ፣ ለመድረቅ 24 ሰዓት ላይበቃ ይችላል፤ የዘይቱ ሽታ ሳይጠፋ ቫርኒሽ አታሳርፉ።

ሙከራውን ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ አድርጉ፤ እንደ ዕቃው ተፍቆ፣ ቫርኒሹም ተቀብቶ። ቁራጩን ዕቃው በሚቆምበት ክፍል ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በአምፖል እዩት። ቢጫ አምፖል ቡናማውን ያቀላዋል።

በዘይት ስቴይን የራሰውን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉት። ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ እሳትም ያስነሳል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ በሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ዘፍቃችሁ ክደኑት።