«ጥፋቱ የእኔ ነው» ከማለታችሁ በፊት

አክስቴ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሚገኝ ሱፐርማርኬት ወተት ልታነሳ ስትጠጋ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር የፈሰሰ ውሃ አንሸራቶ ጣላት። በቀኝ እጇ ስለወደቀች አንጓዋ ተሰበረ። «እኔን!» ብዬ ስደርስ ሕመሟን ትታ ሻሿን እያስተካከለች፣ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ኃላፊው የአደጋ ሪፖርት መሙያ ወረቀት ይዞ መጥቶ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት፣ በምታውቃት እንግሊዝኛ «ምንም አልሆንኩም፤ ሳላይ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። እሱም ይህንኑ ጻፈ።

ሰውን ላለማስቸገር መጨነቅ ያደገችበት ነው፤ እኔም በዚህ አልተቀየምኳትም። ነገር ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር በሜሪላንድ ምን ያህል ውድ እንደሆነች ማወቅ ለሁላችንም ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ተጎጂው ራሱ የጥፋት ድርሻ ካለው ካሣው በድርሻው ልክ ይቀነስበታል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ግን የወደቀው ሰው ለጉዳቱ በጥቂቱም ቢሆን አስተዋፅኦ ማድረጉ ከተረጋገጠበት ካሣውን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት ይህንን አሮጌ ደንብ እንዲለውጥ ተጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2013 ባለበት አጽንቶታል። ይህ ያህል ሐበሻ በሰፈረበት አካባቢ እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

አክስቴ ሳታይ አልወደቀችም። ወለሉ ነጭ፣ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ቢጫው የማስጠንቀቂያ ምልክት በአካባቢው አልነበረም። ስለዚህ ኃላፊው ወለሉ ላይ ውሃ እንደነበረና ምልክት እንዳልተደረገበት ጨምሮ እስኪጽፍ ድረስ ወረቀቱን እንዳትፈርም ነገርኳት። ጠራጊው ደርሶ ውሃውን ከማድረቁ በፊትም ወለሉን፣ ማቀዝቀዣውንና የጫማዋን ሶል በስልኬ አነሳሁ። መደርደሪያ ሲሞላ የነበረ አንድ ወጣት ሠራተኛ ማቀዝቀዣው ከጠዋት ጀምሮ እንደሚያፈስና ለአለቃው እንደተናገረ ሲነግረኝ ስሙን ጻፍኩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ መኖሩን ማሳየት ብቻውን አይበቃም፤ ሱቁ ውሃውን ማወቁን፣ ወይም ከቆየበት ጊዜ አንጻር ማወቅ ይገባው እንደነበር ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው።

ሆስፒታል ውስጥም ሌላ ችግር ገጠመን። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ባላት ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እሱም «ሕመምተኛዋ ደህና መሆኗን ገልጻለች» ብሎ ይመዘግባል። እጇ በጀሶ ታስሮ፣ ወገቧ ሌሊት እንቅልፍ እየነሳት፣ በፋይሏ ላይ ግን ጤነኛ ሴት ሆነች። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ እንዲመደብላት ጠየቅን፤ ሆስፒታሎች ይህንን ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ፈጣሪዋን አመስግና ስታበቃ የሚያማትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ እንድትናገርም ተስማማን። ያልተመዘገበ ሕመም ኋላ ላይ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ብዙም ሳይቆይ የሱቁ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ጤንነቷን ስለጠየቃት አክስቴ መርቃዋለች። ቀጥሎ ንግግሩን ልቅዳ አለና ምን ዓይነት ጫማ አድርጋ እንደነበር፣ ስልክ ይዛ እንደሆነ፣ ወዴት እያየች ትራመድ እንደነበር መጠየቅ ጀመረ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከላይ ወዳልኩት ደንብ የሚወስድ ነው። ስልኩን ተቀብዬ በድምፅ የሚቀዳ ቃል እንደማትሰጥ ነገርኩት። የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ስለጠየቀ ብቻ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባትም። በኋላ የላከው አነስተኛ ቼክም «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ከሚል ውል ጋር የመጣ ስለነበር ሳይፈረም ተመለሰ።

ጠበቃ ያዝን። ብዙዎቻችን ጠበቃ የሚባለውን የምንፈራው በሰዓት የሚያስከፍል እየመሰለን ነው፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ግን የመጀመሪያው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው፣ ክፍያውም ካሣ ሲገኝ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ከካሣው አንድ ሦስተኛ ነው። ጠበቃዋ በመጀመሪያ ያደረገችው የካሜራው ቅጂ እንዳይጠፋ ለሱቁ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ካሜራዎች በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ በቀድሞው ላይ ደርበው ይቀዳሉ። በቅጂው ላይ ሠራተኞች በውሃው ዳር ደጋግመው ሲያልፉ ይታያል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት አለቀ። የጠበቃዋ ድርሻና የጤና ኢንሹራንሷ ለሕክምና ያወጣው ተቀንሶ፣ ቀሪው ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ያልቻለችባቸውን ወራት ደሞዝ ተካላት።

በማኅበር ላይ «ያልላቡበት ገንዘብ» ያሉ አልጠፉም። እኔ ይህን አነጋገር አልቀበለውም። በሁለት እጇ ሠርታ ልጆች ያሳደገች ሴት እጇ በሌላ ሰው ቸልተኝነት ሲሰበር የጠየቀችው የራሷን ነው። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ዝም የሚሉም አሉ፤ ወረቀት አለመኖር ግን በሱቁ ላይ ካሣ የመጠየቅ መብትን አይነጥቅም።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ይደውሉልኛል፣ ጉዳያቸውም ይለያያል። በሥራ ላይ ሆኖ ለወደቀ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፤ የሠራተኞች ካሣ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይመረምርም፣ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ለአሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ክስ ለመመሥረት ሜሪላንድና ዲሲ በጥቅሉ 3 ዓመት ሲሰጡ ቨርጂኒያ 2 ዓመት ብቻ ትሰጣለች። ባለፈው የደወለችልኝ እህት የወደቀችው ዲሲ ውስጥ በተሰባበረ የከተማው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። ከተማዋን ለመክሰስ የአደጋው ጊዜ፣ ቦታ፣ ምክንያትና ሁኔታ ተጽፎ በ6 ወር ውስጥ ለከንቲባው መድረስ አለበት። ከወደቀች አምስተኛ ወሯን ይዛ ስለነበር በዚያው ምሽት ጠበቃ ጋ አገናኘኋት፤ ደብዳቤው በማግሥቱ በሪኮማንዴ ተላከ።