ክዳኑን ስወቅስ የከረምኩባት ጀልባ

የኔ ሀሳብ መጀመሪያ ድሮን ነበር። ባህር ዳር ተቀምጦ ጣናን ከላይ ለማየት የማይመኝ ማን አለ? ግን ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይበርምም፣ ፈቃዱን ስጠይቅ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ማመላለስ ሆነ፣ በዛ ላይ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሲሰማ የዚህ ሀገር ሰው ሆዱ ምን እንደሚል ስለማውቅ ተውኩት። በዚህ አልቆጭም።

ስለዚህ በዛው እውቀት በራሷ የምትሄድ ጀልባ ልስራ አልኩ፣ በጂፒኤስ መስመሯን ይዛ የሐይቁን ጥልቀት የምትለካ። ጣና ስፋቱን አይታችሁ ጥልቅ እንዳይመስላችሁ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ራሱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ በየክረምቱ አፈር ጭነው ይገቡበታል፣ እና በኛ በኩል ዳር ዳሩ ምን ያህል እንደሞላ ራሴ ለክቼ ማየት ፈለግኩ።

አካሏ ቀላል ነው። ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ አንድ አንድ ሜትር ሁለት ቁራጭ፣ ጫፍና ጫፉ የተደፈነ። ሁለቱ ተደምረው 19 ሊትር ገደማ ስለሆኑ ከነራሳቸው ክብደት እስከ 19 ኪሎ ያንሳፍፋሉ፣ የኔ እቃ በሙሉ 6 ኪሎ አይሞላም። መሃል ላይ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ከኋላ ውሃ ውስጥ የገቡ ሁለት ብራሽለስ (ብሩሽ የሌላቸው) ሞተሮች። የግራውን ስታፈጥነው ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ መሪ ምናምን አያስፈልግም። ሶፍትዌሩ አርዱፓይለት ነው፣ ነጻ ነው፣ ሮቨር የሚለውን፣ ለመኪናና ለጀልባ የሚሆነውን፣ ጭናችሁ ጀልባ ነህ በሉት በቃ። ይሄ ሁሉ የሁለት ሳምንት ስራ ነው፣ ዩቲዩብም ላይ ሞልቷል።

መቆጣጠሪያ ቦርዱ ግን ሲገባ ጉምሩክ ላይ ሁለት ወር ተይዞብኛል፣ ለምን ቢባል ወረቀቱ ላይ «የበረራ መቆጣጠሪያ» ይላል። ለጀልባ ነው ስለው ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና «ጀልባ ስትበር አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ምን ይመለሳል! እቃው ይምጣና ያኔ ታስረዳለህ ያሉኝን ሰምቼ ነው እዚህ ውስጥ የገባሁት። እናንተ አትስሙ፣ የድጋፍ ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ አንዲት ቦርድ እንዳታዙ።

አንድ አጭር ጅልነትም አለኝ። «ውሃ የማያስገባ» የሚል አልትራሳውንድ ሴንሰር፣ በድምፅ ርቀት የሚለካ፣ ገዛሁ። አዎ ውሃ አያስገባም፣ ግን ውሃ ውስጥ አይለካም፣ የተሰራው ለአየር ነው። ድምፅ በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ በውሃ ውስጥ 1,480። አሳ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ሶናር፣ ውሃ ውስጥ በድምፅ የሚለካውን፣ ግዙ፣ አለቀ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ኤሌክትሮኒክሱን አይፒ 67 የተጻፈበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ቁጥሩ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ አያስገባም ማለት ነው። እኔ ለሽቦ ብዬ ስድስት ቦታ በድሪል ሳልበሳው ማለት ነው። ሳጥኑን ደግሞ እንዳትገለበጥ ብዬ ዝቅ አድርጌ ሁለቱ ቱቦዎች መሃል፣ ውሃው ሊነካው ምንም እስኪቀረው አሰርኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ሄዳ ተመለሰች፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከፈትኩት፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ። ክዳኑ ነው አልኩ። ሲሊኮን ገዝቼ ዙሪያውን ለቀለቅኩት። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ፣ እኔ ምን አውቄ፣ እንደዛ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ እንደሚለቅና መዳብ እንደሚበላ ያወቅኩት ከሶስት ሳምንት በኋላ የባትሪ መለኪያው ፒኖች አረንጓዴ ሆነው ሳገኛቸው ነው። የማይሸት አይነት አለ፣ እሱን ጠይቁ።

ከዛ ቤት ውስጥ ሳፋ ሞልቼ ሳጥኑን ድንጋይ ጭኜበት አሳደርኩት። ጠዋት ደረቅ! ሐይቅ ይዤው ሄድኩ፣ ውሃ። እንደገና ሳፋ፣ ደረቅ። እንደገና ሐይቅ፣ ውሃ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አበድኩ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ አንዴማ በንዴት ክዳኑን ሰነጠቅኩት።

በመጨረሻው ቀን ተስፋ ቆርጬ ዝም ብዬ ለቀቅኳት፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሲነሳ (ጣናን የሚያውቅ ሰው ከሰዓት አይለቅም፣ አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ)። ሁለት መቶ ሜትር ሄዳ ቀጥ አለች። ሬዲዮ የለም፣ ምንም የለም፣ ሞገዱ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይወስዳታል። ገመድ አላሰርኩም። የናይለን ገመድ ስንት ነው? እኔ የዛን ጊዜ የሰስትኩት እሱን ነው።

ያወጡልኝ በታንኳ ከአሳ ሲመለሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አንጠልጥለው ሰጡኝና «አንተ ልጅ፣ ጠጥታለች እኮ» አሉኝ። ክዳኗ ነው አባባ አልኳቸው። «ታንኳም ትጠጣለች፣ አውጥተን አቁመን እናደርቃታለን እንጂ አፏን አንሰፋም» ብለው ሄዱ። ታንኳ የሚሰራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ግን አይሰምጥም። እኔ ደግሞ አፍ ስሰፋ ነው የከረምኩት።

ማታ የሞተሩን ሽቦ ለመቀየር ስቆርጠው መልሱ ከውስጡ ጠብ አለ። እውነቴን ነው፣ ጠብታ። ሽቦው የቀጫጭን መዳብ ጥቅል ነው፣ በክሮቹ መሃል አየር አለ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ስትሮ ነው። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ጋ ውሃ ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ ሳጥኔ ውስጥ። እኔ ደግሞ ዳር ላይ ላፕቶፕ ሳስተካክል ጀልባዋን ፀሐይ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ሳጥኑ ይግላል፣ ከዛ ሐይቁ ላይ ሳደርጋት የውሃው ቅዝቃዜና ርጭት ያቀዘቅዘዋል። የታሸገ አየር ከ45 ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ በኛ ከፍታ ይሄ ውሃን ግማሽ ሜትር ያህል ሽቅብ ይስባል። ክዳኑን ባጠበቅኩት ቁጥር ሳጥኑ በሽቦው የባሰ ይመጥ ነበር! ሳፋው ውስጥ ውሃ ያልገባበት ሞተር ስላልነበረውና ስላልጋለ ነው።

ስለዚህ ሁሉም «አጥብቃችሁ አሽጉ» ይላል፣ እኔ አታሽጉ እላለሁ። ሳጥኑን ከውሃው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፣ ከስሩ ለመተንፈሻ አንድ ቀዳዳ ወደታች በሳሁለት። ትገለበጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ባትሪውን ብቻ በራሱ እቃ ከታች ሳደርገው ቆመች። እያንዳንዱን ሽቦ ሳጥኑ ከመድረሱ በፊት ቆርጬ በብየዳ ቀጠልኩት፣ እርሳሱ ክሮቹን ሞልቶ ስትሮውን ይደፍነዋል፣ ከላዩ ሙጫ ያለው የሚኮማተር ፕላስቲክ። ቱቦዎቹ ውስጥም ፎም ሞላሁ፣ ቢሰነጠቁም እንደ ታንኳዋ ትንሳፈፍ።

ከዛ ወዲህ አስራ አንድ ጊዜ ወጥታለች፣ ሁሌ ጠዋት፣ ሳጥኑ ደረቅ ነው። አሁን የሚያስቸግረኝ ኮምፓሱ ነው፣ ከሞተሩ ሽቦ አጠገብ ስላደረግኩት ፍጥነት ስጨምር ሰሜኑ ይጠፋባትና ወደ ደንገሉ ትገባለች። በገመድ ነው የምጎትታት።