ለሪድ ዲፊውዘር የመዓዛ ዘይት እንዴት እንደምመርጥና እንደማዘጋጅ

ሪድ ዲፊውዘር የመዓዛ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስና በውስጡ የሚተከሉ ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው፤ ዘንጎቹ ፈሳሹን ስበው ሽታውን ወደ ክፍሉ ያወጣሉ። ጠርሙሱን ከፍተው ሲያሸቱት ልብ የሚወስድ ዘይት ዘንግ ላይ ሲወጣ ክፍሉን ጭራሽ ላያሸት ይችላል። ስለዚህ ለሪድ ዲፊውዘር ዘይት ስመርጥ አስቀድሜ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ዘንጉን መውጣት ይችላል ወይ? ጫፉ ላይ ሲደርስስ ይተናል? እነዚህን ካላሟላ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ጠርሙስ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ደስ ይላል አይልም የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ራታን ከሚባለው ተክል የሚሠራ ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቁ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ፈሳሹ በእነሱ ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ይወጣና ከጠርሙሱ አፍ በላይ ካለው የዘንጉ ክፍል ይተናል። ቀርከሃ ግን አንጓ አለው፤ አንጓው መንገዱን ስለሚዘጋው ፈሳሹ መሐል ላይ ይቆማል። ከፖሊስተር ክር የሚሠሩት ዘንጎች ግን ጥሩ ናቸው፤ ሁሉም እኩል ስለሚስቡ ወፈር ላለ ዘይት እንዲያውም ከራታን እመርጣቸዋለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማቅጠኛው፣ ማለትም የመዓዛ ዘይቱ በሚቀላቀልበት ፈሳሽ ነው። የአልሞንድ፣ የሱፍ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ውስጥ የመዓዛ ዘይት ጠብ አድርጉ የሚል መመሪያ በየቦታው አለ። የምግብ ዘይት በክፍል ሙቀት አይተንም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሸተው የመዓዛው ቀላል ክፍል ነው፤ ያ ካለቀ በኋላ ዘንጉ በማይተን ዘይት ተሞልቶ ይቀራል፣ ቀስ በቀስም አየር ሲያገኘው ይሻግታል፣ ይሙጫል። ግሊሰሪን ደግሞ ወፍራም ነው፤ ከመዓዛ ዘይት ጋርም አይዋሐድም። ቮድካና ተመሳሳይ መጠጦች ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆኑ ድብልቁ ይደፈርሳል፣ ዘይቱም ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ንጹሕ አልኮል ዘይቱን በደንብ ያሟሟል፤ ነገር ግን ቶሎ ተንኖ ያልቃል፣ በክፍል ሙቀትም እሳት ሊይዝ የሚችል ተን ያወጣል። ቤት ውስጥ ክፍት ሆኖ ለሚውል ጠርሙስ አልጠቀምበትም።

እኔ የምጠቀመው ዲፒኤም የሚባለውን ነው፤ ሙሉ ስሙ ዲፕሮፒሊን ግላይኮል ሜቲል ኤተር። ቀጭን ነው፣ የራሱ ሽታ በጣም ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን የመዓዛ ዘይት ያሟሟል፣ ተኑ እሳት ሊይዝ የሚችለውም ወደ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ነው። ክፍሉ ሞቃት ከሆነና ጠርሙሱ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ከማቅጠኛው ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን በዲፒጂ (ዲፕሮፒሊን ግላይኮል) እተካለሁ፤ እሱ ወፈር ያለና በዝግታ የሚተን ነው። ሙሉ በሙሉ በዲፒጂ የተሠራ ድብልቅ ግን በራታን ላይ በጣም ይዘገያል።

አሁን ወደ ዘይቶቹ። በአተናነናቸው በሦስት እከፍላቸዋለሁ። ቀላሎቹ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ባሕር ዛፍና ሮዝመሪ ናቸው። መካከለኞቹ ላቬንደር፣ ጄራኒየምና ጠጅ ሣር፤ ከባዶቹ ፓቹሊ፣ ቬቲቨር፣ ሰንደልና ቫኒላ። ለሰውነት ሽቶ ከባዱ መሠረት ነው፤ ዲፊውዘር ላይ ግን ሥራውን የሚሠራው መካከለኛው ስለሆነ ከመዓዛው ቢያንስ ግማሹን ለእሱ እሰጣለሁ። ምክንያቱ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚሆነው ነው። ከዚያ መጀመሪያ የሚሄደው ቀላሉ ነው፤ ከባዱ እዚያው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከባድ ዘይት ሲበዛ ጫፉ በሳምንታት ውስጥ ይደፈናል። ዘንግ መገልበጥም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የተጠራቀመው ጫፍ ወደ ፈሳሹ ገብቶ መልሶ ይሟሟል፣ ርጥቡ ጫፍ ደግሞ ለአየር ይጋለጣል።

አንዳንድ ዘይቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። በመጭመቅ የሚወጣ የሎሚና የብርቱካን ዘይት ከልጣጩ የመጣ ሰም ስለሚይዝ ዘንግ ይደፍናል፤ በእንፋሎት የተጣራውን ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። የሎሚ መዓዛ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ሎሚውን ከማብዛት ይልቅ ጠጅ ሣር ቢጨምር ይሻለዋል። የጠጅ ሣር ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ የሚመጣው ሲትራል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲትራል ደግሞ የብርቱካንና የሎሚ ዘይት አብዛኛው ክፍል ከሆነው ሊሞኒን በጣም ዘግይቶ ይተናል። የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊን በክፍል ሙቀት ጠጣር ነው። ፈሳሹን ከጊዜ ጋር ያጠቁረዋል፣ ማቅጠኛው ሲተን ደግሞ ጫፉ ላይ ክሪስታል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከመዓዛው ድርሻ ከ5 በመቶ አላሳልፈውም። የከርቤ ዘይት አየር ሲያገኘው እየወፈረ ስለሚሄድ በትንሹ ብቻ ይገባል። ዕጣን የሚወድ ደግሞ የተጣራውን ዘይት ይጠቀም፤ ሙጫውን በአልኮል አሟሙቶ መጨመር ዘንጉን በሙጫ መቀባት ነው። የደረቀ አበባና ቅጠል ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ የሚገኘውም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚገኘው መዓዛ ትንሽ ነው፣ የተያዘውም በማይተን ዘይት ነው።

ፍራግራንስ ኦይል፣ ማለትም ተቀምሞ የተዘጋጀ የመዓዛ ዘይት የሚገዛ ሰው ለሻጩ ሁለት ጥያቄ ያቅርብ፦ በምን ቀጥኗል? ለዲፊውዘር ምን ያህል በመቶ ይፈቀዳል? ሁለተኛውን የኢፍራ (የዓለም አቀፉ የመዓዛ አምራቾች ማኅበር) የምስክር ወረቀት ለየምርቱ ዓይነት ለይቶ ይናገራል። ለሻማ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ሻማ ላይ ግሩም ሆኖ ዘንግ ላይ ሊያቅተው ይችላል፤ ሻማ በሙቀት ያተነዋል፣ ዘንግ ሙቀት የለውም።

ከመቀላቀሌ በፊት እያንዳንዱን ዘይት ቀጭን ወረቀት ላይ አንዳንድ ጠብታ አደርጋለሁ። ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱም አሸተዋለሁ። በማግስቱ የቀረው ሽታ ዘንጉ ሲያረጅ የሚኖረውን ይመስላል፤ ያን ካልወደድኩት ዘይቱን እተወዋለሁ።

የምለካው በግራም ነው። ጠብታ አይታመንም፤ የወፍራምና የቀጭን ዘይት ጠብታ እኩል አይደለም። 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። ለ100 ግራም ድብልቅ 22 ግራም መዓዛና 78 ግራም ዲፒኤም ጥሩ መነሻ ነው። የ22 ግራሙ ምሳሌ ይኸውላችሁ፦ ላቬንደር 9፣ ብርቱካን 4፣ ጄራኒየም 3፣ ጠጅ ሣር 3፣ ፓቹሊ 2፣ ቅርንፉድ 1። ቅርንፉዱ ትንሽ የመሰለው ይታገሥ፤ ትንሽ ቢጨመርበት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የመዓዛው ድርሻ ከ15 በመቶ ሲያንስ ሽታው ይደክማል፤ ከ30 በላይ ሲሆን ደግሞ ድብልቁ ይወፍራልና አወጣጡ ይዘገያል። ሽታው ደከመ ብሎ ዘይት ላይ ዘይት መጨመር ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያባብሰው ለዚህ ነው።

ይህ ድብልቅ ከውኃ ቀለል ያለ ስለሆነ 100 ግራሙ ከ100 ሚሊ ሊትር ይበልጣል፤ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ከ85 እስከ 90 ግራም ብቻ አፈስሳለሁ። ዘንጎቹ ሲገቡ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቦታ ያስፈልጋል።

ጠርሙሱ መስታወት፣ አንገቱ ጠባብ፣ ውስጡም ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ጥቂት የውኃ ጠብታ እንኳ ድብልቁን ሊያደፈርስ ይችላል። መጀመሪያ በመጠን ትንሹንና ብርቱውን ዘይት እመዝናለሁ፤ ቅርንፉዱ ከታሰበው ካለፈ ሌላውን በዚያው ልክ ማሳደግ ይቻላል፣ መጨረሻ ላይ ቢያልፍ ግን ሁሉም ይበላሻል። መዓዛዎቹ ብቻቸውን ተዋሕደው አንድ ቀን ካደሩ በኋላ ግማሹን ማቅጠኛ ጨምሬ አዟዙራለሁ፣ ቀጥሎ የቀረውን። ከድኜ ጨለማ ቦታ ለአንድ ሳምንት ያህል አስቀምጠዋለሁ። ትንሽ ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ጧት ከደፈረሰ ወይም ከታች ዝቃጭ ከያዘ፣ ቀሪውንም አቀዝቅዤ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጠለዋለሁ። ፈሳሹ ሁለት ንብርብር ከሠራ ግን ማጥለል አያድነውም፤ ከዘይቶቹ አንዱ በማቅጠኛው አልሟሟም ማለት ነው።

ለ100 ሚሊ ሊትር ከ6 እስከ 8 ባለ 3 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይበቃል፤ ለመታጠቢያ ቤት 3 ወይም 4። ርዝመታቸው ከጠርሙሱ ቁመት እጥፍ ትንሽ በለጥ ቢል ጥሩ ነው። ከ2 ሰዓት በኋላ አንዴ እገለብጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በሳምንት አንዴ። በየቀኑ መገልበጥ ጠርሙሱን ከመጨረስ በቀር የሚጨምረው የለም።

ከሁሉ የሚጠቅመኝ መሣሪያ እዚህም ሚዛን ነው። ዘንጎቹ ፈሳሹን መጠው ከጠገቡ በኋላ ጠርሙሱን ከነዘንጎቹ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እመዝነዋለሁ። በቀን ወደ 1 ግራም መቀነስ ለመካከለኛ ክፍል ደህና ነው፤ በዚህ አካሄድ ጠርሙሱ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል። ከ0.3 ግራም በታች ከሆነ ዘንጉ ተደፍኗል ወይም ድብልቁ ወፍሯል፤ መጀመሪያ አዲስ ዘንግ እሞክራለሁ፣ ካልተሻሻለ ከ10 እስከ 15 ግራም ዲፒኤም እጨምራለሁ። ከ2 ግራም በላይ ከሆነ ፀሐይ፣ ማራገቢያ ወይም የበር ንፋስ አግኝቶታል፤ አለዚያ ዘንግ በዝቷል። ክብደቱ በደህና እየቀነሰ ምንም ካልሸተተ ደግሞ የሚተነው ማቅጠኛው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መካከለኛ ዘይት ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ግን አፍንጫውን መጠርጠር ይገባል። አፍንጫ አንድን ሽታ ሲውልበት ይለምደውና ማሽተቱን ያቆማል። ከቤት ወጥቶ ቆይቶ መመለስ ወይም ከውጭ የመጣን ሰው መጠየቅ የታመነ መፈተኛ ነው።

ይህ ፈሳሽ የቤት ዕቃ ጠላት ነው። የእንጨት ቫርኒሽ ያነሣል፣ አንዳንድ ፕላስቲክ ያለሰልሳል። ጠርሙሱ በሴራሚክ ወይም በመስታወት ሳህን ላይ ይቀመጥ፣ መገልበጡም ከዕቃ ራቅ ብሎ በወረቀት ይሁን። ሲቀላቀል ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አይኑር። ቅርንፉድና ቀረፋ ቆዳን ያስቆጣሉ፤ የቆየና አየር ያገኘ የብርቱካን ዘይትም አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ሕፃን ቢጠጣው እንዳታስመልሱት፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና በቀጥታ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የድመት ጉበት እንደ ቅርንፉድ ባሉ ዘይቶች ውስጥ ያሉትን ፊኖሎች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በደንብ ማስወገድ አይችልም፤ ድመት ባለበት ቤት ዲፊውዘር ባይኖር እመርጣለሁ። አስም ያለበት ሰው በሚተኛበት ክፍልም አላስቀምጥም።

ፈሳሹ ታች ሲደርስ የሚቀረው ከባዱ ዘይት የበዛበት ነው፤ አዲስ ድብልቅ ላዩ ላይ አይጨመርም። ቀሪውን ወደ ቧንቧ ሳይሆን ወረቀት ላይ አፍስሼ በቆሻሻ እጥለዋለሁ፣ ጠርሙሱን በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጥቤ በአልኮል አለቀልቀዋለሁ፣ እስኪደርቅም ሙሉ ቀን ደፍቼ እተወዋለሁ። አሮጌ ዘንግ ለአዲስ መዓዛ አያገለግልም፤ ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው ሽታና አቧራ አዲሱን ያበላሸዋልና ከእያንዳንዱ ሙሌት ጋር ዘንጎቹን እቀይራለሁ።